እኩል ጠብታ

መርካቶ፣ ከጎሚስታው ጥግ፣ አባቴ ነዚፍ ባትሪ ያድሳል፤
ጠዋት ደህና የነበረ ሱሪው ማታ ወንፊት ይመስላል።
እናቴ መርፌዋን ይዛ «ዛሬስ የት ጋ በላህ?» ትላለች፤
እሱ አልተሰማውም፤ ፍንጣሪ ድምፅ የላት፣ ዝም ብላ ትበላለች።
ያኔ የማውቀው ይኸን ብቻ፣ ከዚያ ጨርቅ ላይ የተማርኩትን፦
አሲድ ማለት፣ የሚበሳ። ብርቱ ማለት፣ የሚበላ ያገኘውን።

መምህር ወልደየስ ግን፣ ሂርማታ ባለው ትምህርት ቤት፣
ዝናብ በመስኮቱ የሚገባበት ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ አንድ ጠዋት፣
ሁለት ብልቃጥ አስቀመጠ። ሁለቱም ውሃ ይመስላሉ።
«ብዛታቸው እኩል ነው» አለ፤ «በአመል ግን ይለያያሉ።»

አንደኛው፣ የባትሪው አሲድ ዘመድ፣ ገና ውሃ ሲነካው
ሃይድሮጅኑን ሁሉ በተነ፣ አንዲት እንኳ ለነገ ሳይተው።
ሁለተኛው ኮምጣጤ ነው፤ ቁጥብ፣ እጁን የማይዘረጋ፤
ከመቶ አንዷን ቢለቅ ነው፣ የቀረውን ጉያው ይዞ የሚያወጋ።
ዚንክ ጨመርንባቸው። አንደኛው ፈላ፣ ጮኸ፣ ተንጨረጨረ፤
ሁለተኛው አረፋውን፣ እንደ ሙስበሐ፣ አንድ በአንድ ቆጠረ።

«ደካማ!» ብለን ሳቅን። ከኋላ ወንበር ሸምሲያ ብቻ አልሳቀችም፤
እሷም ዝምተኛ ነበረች፣ በዓመት ሁለቴ እንኳ እጇን አላወጣችም።

ከዚያ ቡሬቱን ሰቀለ፤ ከላይ ሶዳ፣ ከታች ብልቃጡ፣
ሁለት ጠብታ ፊኖልፍታሊን። «እንግዲህ» አለ፣ «ቆጥራችሁ አምጡ።»
ለብርቱው ሃያ አምስት ሚሊ። ከዚያ፣ በአንዲት ጠብታ፣
ውሃው ሮዝ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ጩኸታሙ እጁን ሰጠ፣ ሳያመነታ።

«ለደካማው አምስት ይበቃል» አለ አንዱ፤ «ሦስት» አለ ሌላው፤
«ደካማ ስንት ይጠጣል? ቶሎ ነው የሚረካው።»
አስር።
አስራ አምስት።
ሃያ። ብልቃጡ ላይ ምንም የለም።
ሶዳው አንዷን በወሰደ ቁጥር ከጉያው ሌላ ያወጣል፣ አይደክምም።
ሃያ አራት። ሸምሲያ ተነስታ ቆማለች።
ሃያ አምስት፤
ያቺው ሮዝ ቀለም መጣች።

ክፍሉ ዝም አለ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ነበር የሚያወራው።
ብርታት ስንት መያዝ አይደለም፤ እንዴት መልቀቅ ነው ለካ ሥራው።

«ከዚያስ? እርቃቸውስ?» አለች ሸምሲያ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ቃሏ።
መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠና፣ ትክ ብሎ አያት፣ እሷን ብቻ፦
«ብርቱ ከብርቱ ሲታረቅ ጨውና ውሃ ነው፣ መሀል ሜዳ፤
ደካማ ከብርቱ ሲታረቅ ግን፣ እርቁ ያዘነብላል ወደ ሶዳ።»
ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ፈተና ላይ አልወጣም፤
ሽምግልና በተቀመጥኩበት ሁሉ ግን፣ ሳይወጣ ቀርቶ አያውቅም።

አሁን ሥራዬ አፈር መመርመር ነው። ከዴዶ አባ ፊጣ መጡ፣
በፌስታል ቀይ አፈር ይዘው፤ «የበቆሎዬ ቅጠሎች ገረጡ።»
ለካሁት፦ አራት ነጥብ ስምንት። ዝናቡ፣ ዓመት ከዓመት፣
ካልሲየሙን አጥቦ ለወንዝ ሰጠው፣ አፈሩን ለኮምጣጣነት።
«ኖራ ነው መድኃኒቱ» አልኳቸው። «ስንት ኩንታል?» ወረቀቴን አየሁ፤
በዚያች ቁጥር ብቻ ልፈርድ፣ አፌን ከፍቼ ቆየሁ።

አፈርም እኮ ኮምጣጤ ነው፤ የሚታየው ጥቂቱ፤
ሸክላው ነው ጉያው፤ እዚያ ውስጥ ነው ብዛቱ።

አመሸሁ። ጠብታ በጠብታ ጠየቅሁት፣ ያለውን እስኪናገር።
በማግስቱ ሲመለሱ ቁጥሩ ከፍ አለባቸው፤ ዝም አሉ፤ ደግሞም፦
«ዘንድሮ አይለቀውም?»
«ግማሹን ዘንድሮ፣ ግማሹን ለከርሞ። ቀስ ብሎ የያዘ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚለቅ።»
«እንደ ባለቤቴ ቂም!» አሉና፣ ፌስታሉን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ በሳቅ።

ማታ ቤት ስገባ፣ አባቴ ሱሪ ላይ አዲስ እርጥብ ነጥብ፤ ገና ያልተቀደደ።
የዳቦ ሶዳ በጥብጬ ጠብ አደረግሁበት። ጨርቁ ተንሾካሾከ፣ ነጭ አረፋ ሰደደ፣
ዝም አለ።
«ምን አለሽ?» አለ አባቴ።
«ጮኾ ጨረሰ» አልኩት።